ፊትን በእንቅስቃሴና በእሽት መንከባከብ፦ ቤት ውስጥ ደረጃ በደረጃ

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የሴቶች የውበት ሳሎን ነው። ወንበሩ ላይ ከሚቀመጡት ደንበኞች ብዙዎቹ፣ በተለይ ዕድሜያቸው አርባን ጠጋ ያለ እንደሆነ፣ መስታወቱን እያዩ ጉንጫቸውን በሁለት ጣት ወደ ላይ ሳብ ያደርጉና «ይህን ያለ መርፌ መመለስ ይቻላል?» ይሉኛል። አንዳንዶቹ ስልክ ላይ ያዩትን እንቅስቃሴ እዚያው ሠርተው ያሳዩኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጉንጫቸውን ሲያነሡ ግንባራቸውና የዐይናቸው ጥግ አብሮ ይጨማደዳል። መልሱን በቁርጥራጭ ከምነግርዎ ሙሉውን ከነምክንያቱ ጽፌልዎታለሁ።

ምን ይጠብቁ?

ዕድሜ ሲጨምር ከጉንጭ ሥር ያለው ስብ ይሳሳል፣ ጡንቻው ይቀንሳል፣ ቆዳውም የመለጠጥ ኃይሉን ያጣል። እንቅስቃሴ ሊረዳ የሚችለው ከእነዚህ በአንዱ ብቻ ነው፤ ጡንቻውን ሞላ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ባወጡት አነስተኛ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 65 የሆነ ሴቶች ለ20 ሳምንታት የፊት እንቅስቃሴ ሠርተዋል። የመጀመሪያዎቹን 8 ሳምንታት በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን እየዘለሉ ማለት ነው። ከጀመሩት 27 ሴቶች እስከ መጨረሻ የዘለቁት 16 ናቸው። ፎቶግራፋቸውን የገመገሙት ሐኪሞች በግልጽ ያዩት ለውጥ የላይኛውና የታችኛው ጉንጭ መሙላት ሲሆን፣ የገመቱት ዕድሜም በአማካይ ከ51 ገደማ ወደ 48 ገደማ ወርዷል። ምንም ሳይሠራ ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ ቡድን ስላልነበረ ውጤቱን እንደ ተስፋ እንጂ እንደ ዋስትና አይያዙት። እኔም ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለጉንጭ እንቅስቃሴ የሆነው ለዚህ ነው።

እሽት ሌላ ነገር ነው። ጠዋት የሚታየውን እብጠት ይቀንሳል፣ የተወጠረ መንጋጋን ያላላል፣ የደም ዝውውርን ስለሚያነቃቃ ፊት ፈካ ይላል። ይህ ግን የሰዓታት ውጤት ነው። እሽት መስመር አያጠፋም፣ ማድያትንም አያነሣም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፊትዎን በሙሉ የሚያሳይ መስታወት፤ ቢቻል በመስኮት አጠገብ
- ለስላሳ ሳሙና ወይም የፊት መታጠቢያ፤ የልብስ ሳሙና አይሆንም
- ግማሽ ጆግ ለብ ያለ ውኃ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ይህ አያቅትም
- ሁለት ንጹሕ ትንንሽ ፎጣዎች፤ አንዱ ለማድረቂያ፣ አንዱ ዘይት ለመጥረጊያ
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የሱፍ ዘይት ወይም ለፊት የተዘጋጀ ሽታ የሌለው ዘይት
- ለጠዋት የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ ዕቃው ላይ ኤስፒኤፍ (SPF፣ የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚል

ስለ ዘይቱ ብዙ ስለምጠየቅ ጥቂት ልበል። የኮኮናት ዘይት ቀዳዳ ስለሚደፍን ብጉር ለሚወጣበት ፊት አይሆንም። ለጋ ቅቤም ለፀጉር የተለመደ ቢሆንም ፊት ላይ ያንኑ ችግር ያመጣል፤ ፀጉራቸውን ተቀብተው ያደሩ ሰዎች ግንባራቸው ላይ ጥቃቅን ብጉር የሚያዩት ከዚህ የተነሣ ነው። ሎሚ ጨርሶ አይጠቀሙ። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ድንጋይ መንከባለያ ወይም የማሳጅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግዎትም፤ ጣት ስንት ኃይል እየጫነ እንደሆነ ይሰማዋል፣ ድንጋይ ግን አይሰማውም።

ከመጀመርዎ በፊት ይህን ያንብቡ

የሚከተሉት ካሉብዎት እስኪድኑ ወይም ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ አይታሹ፦

- ያበጠ ወይም መግል የያዘ ብጉር፣ ክፍት ቁስል፣ ችፌ
- ከንፈር ላይ የወጣ ምች ወይም አልማዝ ባለጭራ። ውኃ የቋጠረውን ነክተው ሌላ ቦታ ቢነኩ በሽታውን ያዛምቱታል፤ ዐይን ከደረሰ ደግሞ አደገኛ ነው።
- ቋቁቻ፣ ምክንያቱም የሚያመጣው ፈንገስ ቅባት ይወዳል
- የጥርስ ሕመምና ያበጠ ንፍፊት
- ሲከፈት የሚያም ወይም የሚቆለፍ መንጋጋ
- ባለፉት ሁለት ሳምንታት የተወጉት ቦቶክስ (ጡንቻን የሚያላላ መርፌ) ወይም ፊለር (ፊትን የሚሞላ መርፌ)። ከዚያም በኋላ ቢሆን የወጋዎትን ሐኪም ይጠይቁ።

የማቅሊያ ቅባት ሲጠቀሙ የቆዩ ሰዎች ይህን ክፍል በተለይ ያስተውሉልኝ። በየሱቁ ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አላቸው። ስቴሮይድ ሐኪም ሳያዘው ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችንም ያጎላል። እንዲህ ያለ ቆዳ በእሽት በቀላሉ ይበልዛል። መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይዩ፤ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ቅባቱንም በድንገት ከማቋረጥ በሐኪም ምክር ይተዉት፤ በድንገት ሲቆም ፊቱ በጣም ሊቆጣ ይችላል።

አንድ ወገን ፊትዎ በድንገት ከወደቀ፣ ከንፈርዎ ከተጣመመ ወይም አንድ ዐይንዎ አልከደን ካለ እንቅስቃሴ መሥራት መፍትሔው አይደለም። የስትሮክ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት በአቅራቢያዎ ወዳለ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አሠራሩ

ጊዜው ማታ ይሁን፤ ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። እንቅስቃሴው ይቅደም፣ እሽቱ ይከተል። ዘይት የነካው ጣት ቆዳን አጽንቶ መያዝ ስለማይችል ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት። በመጀመሪያው ቀን፣ ከመጀመርዎ በፊት፣ ፊትዎን ሳይኳሉ በመስኮት ብርሃን ከፊትና ከሁለቱም ጎን ፎቶ ይነሡ። ለውጡ በዝግታ ስለሚመጣ መስታወት አያሳይዎትም።

1. እጅዎን ያዘጋጁ። ቀለበት ያውልቁ፣ ጥፍርዎን ያሳጥሩ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጠይም ቆዳ ትንሽ ጭረት እንኳ ሲያገኘው ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ እጅዎ ከቀዘቀዘ አሻሽተው ያሙቁት፤ ቀዝቃዛ እጅ ሲነካው ፊት ይኮማተራል።

2. ፊትዎን ይታጠቡ፣ ያድርቁ። ቀኑን ሙሉ የተሰበሰበ አቧራና የመኪና ጭስ ካልወጣ፣ ሲታሹ ወደ ቆዳ ቀዳዳ እየገፉት ነው። ፎጣውን ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁ እንጂ አይፈትጉ።

3. ጉንጭ ማንሣት። ጊዜ ካጠረዎት ሌላውን ትተው ይህን ይሥሩ። ቀጥ ብለው መስታወት ፊት ይቀመጡ። አፍዎን ከፍተው ከንፈርዎን «ኦ» እንደሚል ሰው ሞላላ ያድርጉት። የላይኛውን ከንፈር ወደ ውስጥ አጠፍ አድርገው የላይኛውን ጥርስ ይሸፍኑበት። ከዚያ የአፍዎን ቅርጽ ሳያፈርሱ በጉንጭዎ ብቻ ፈገግ ይበሉ፤ ጉንጭዎ ወደ ዐይንዎ ሥር ከፍ ሲል ያያሉ። አመልካች ጣቶችዎን ከፍ ያለው ጉንጭ ላይ በስሱ ያሳርፉ። የጣቱ ሥራ መግፋት ሳይሆን ጡንቻው መጠንከሩን ማዳመጥ ነው። በዝግታ ያውርዱት፣ በዝግታ ያንሡት። አሥር ጊዜ ሠርተው በመጨረሻው ላይ ከፍ እንዳለ 20 ሰከንድ ያቆዩት። አረፍ ብለው ይድገሙ፤ በጠቅላላው ሦስት ዙር።

የምትሠሩት ጡንቻ ከጉንጭ አጥንት ተነሥቶ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደው ነው። እንደ ማንኛውም ጡንቻ በሥራ ይወፍራል፣ ሲወፍርም ከላዩ ያለው ቆዳ ወጠር ይላል። በዝግታ መሥራት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ በፍጥነት ሲሠራ ጡንቻው ሸክሙን ሳይይዘው ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት እንምጣ። የክንድ ጡንቻ ሁለቱም ጫፉ ከአጥንት ጋር የተያያዘ ነው፤ የፊት ጡንቻ ግን አንደኛው ጫፉ ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ነው። ስለዚህ በተኮማተረ ቁጥር ቆዳውን ያጥፈዋል፤ መስመር የሚሠራውም ይኸው የዘወትር መታጠፍ ነው። ጉንጭዎን ሲያነሡ የዐይንዎ ጥግ ከተጨማደደ በአንድ ቦታ እየተጠቀሙ በሌላው እየከሰሩ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አመልካች ጣትዎ ጉንጭ ላይ እንዳለ የመካከለኛውን ጣት ጫፍ በዐይንዎ የውጭ ጥግ ላይ ያሳርፉና ቆዳው እንዳይታጠፍ ጸጥ አድርገው ይያዙት። ወደ ጎን አይጎትቱት። አሁንም ከታጠፈ ጉንጩን ያነሡበትን ኃይል ይቀንሱ።

4. አፍ ተዘግቶ ፈገግታ። ከንፈርዎን ገጥመው ጥርስ ሳያሳዩ ፈገግ ይበሉ። የሁለቱን እጆች አመልካች ጣቶች የአፍዎ ጥጎች ላይ አድርገው፣ ቆዳውን ሳይጎትቱ እስከ ጉንጭ አጥንት ድረስ ያንሸራትቷቸውና እዚያው 20 ሰከንድ ይቆዩ። አምስት ጊዜ ይበቃል። ይህ የታችኛውን ጉንጭ ይመለከታል።

5. ቅንድብ። የሁለቱን እጆች ሦስት ሦስት ጣቶች ከቅንድብዎ በላይ ግንባርዎ ላይ አጋድመው ያሳርፉ። ጣቶቹ ወደ ታች ቀስ ብለው ሲጫኑ ቅንድብዎን ወደ ላይ ለማንሣት ይሞክሩ። አምስት ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ፤ አሥር ጊዜ። ያለ ጣት ቅንድብን ከፍ ዝቅ ማድረግ ግን የግንባርን መስመር ማጥለቅ ብቻ ነው።

6. የዐይን ሥር። አመልካች ጣትዎን በዐይንዎ የውጭ ጥግ፣ መካከለኛውን በቅንድብዎ የውስጥ ጫፍ ላይ ሳይጫኑ ያሳርፉ። ወደ ላይ እያዩ የታችኛውን ሽፋን ብቻ ጠበብ ያድርጉ፣ ይልቀቁ። አሥር ጊዜ። ዐይንዎ ውስጥ የሚደረግ ሌንስ (ኮንታክት ሌንስ) ካለ አስቀድመው ያውጡት።

7. ምላስና ላንቃ። አፍዎን ይዝጉ፣ ጥርሶችዎ አይነካኩ። ምላስዎን በሙሉ ወደ ላንቃዎ ይጫኑ፤ አገጭዎ ሥር ሲጠነክር ይሰማዎታል። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ጊዜ። እጅ ስለማይፈልግ በታክሲ ሰልፍም ላይ ይሠራል። ሌሎቹን ግን ታክሲ ውስጥ አይሞክሩ፤ ገንዘብና የበር እጀታ የነካ እጅ ፊት ላይ አይወጣም።

8. ዘይት ይቀቡ። ግማሿን ማንኪያ መዳፍዎ ላይ አሙቀው ፊትዎንና አንገትዎን ይዳብሱ። ጣትዎ ቆዳውን ሳይጎትት መንሸራተት አለበት፤ ከጎተተ ጠብታ ይጨምሩ። አዲስ ዘይት ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ከጆሮዎ ኋላ ቀብተው ይሞክሩት።

9. ከአንገት ይጀምሩ። ሁሉም ከጉንጭ መጀመር ይፈልጋል፤ እባክዎን አይጀምሩ። ፊት ላይ የሚጠራቀመው ፈሳሽ የሚወርደው በጆሮ ፊትና በመንጋጋ ሥር ባሉት ንፍፊቶች በኩል ወደ አንገት፣ ከዚያም ከአንገት ሥር በግራና በቀኝ ወደተጋደሙት አጥንቶች ነው። የተደፈነ ቦይ የሚጠረገው ከመውጫው ነው፤ ይህም እንደዚያው። ከአጥንቶቹ በላይ ባለው ጎድጓዳ ላይ ጣቶችዎን አሳርፈው በጣም ቀስ ብለው ይጫኑ፣ ይልቀቁ፤ አሥር ጊዜ። ከዚያ ከጆሮ ሥር ጀምረው በአንገት ጎን ወደ ታች አምስት ጊዜ ይዳብሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ የአንገትዎን ሁለት ጎኖች በአንድ ጊዜ በኃይል አይጫኑ። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች በዚያ ስለሚያልፉ ሊያዞርዎት ወይም ሊጥልዎት ይችላል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ስትሮክ የነካውም፣ የአንገቱን ክፍል ጨርሶ ይለፈው።

10. መንጋጋ። ከሁሉ ጥቂት ጠንከር ማለት የሚቻለው እዚህ ብቻ ነው። የሚታሸው ጥርስዎን ነከስ ሲያደርጉ በጆሮ ፊት ወጣ የሚለው ጡንቻ ነው። ለቀቅ ያድርጉት፣ አፍዎን ከፈት ያድርጉ፣ በሦስት ጣቶች ክብ እየሠሩ አንድ ደቂቃ ያሹት። ማታ ጥርስ የሚያፋጩና ቀኑን ሙሉ ማስቲካ የሚያኝኩ ሰዎች እዚህ ጠጣር እብጠት ያገኛሉ፤ ጡንቻው ከልክ በላይ ስለሠራ የፊቱ የታች ክፍል ሰፋ ብሎ ይታያል። ማስቲካን ለመንጋጋ እንቅስቃሴ ብለው የሚያኝኩ ካሉ ይተዉት። ቀጥሎ የአመልካችና የመካከለኛ ጣቶችዎን አጥፈው አገጭዎን በመካከላቸው ይያዙና በመንጋጋዎ ጠርዝ እስከ ጆሮዎ ያንሸራትቱ፤ በየጎኑ አምስት ጊዜ።

11. ጉንጭ፣ ዐይን ዙሪያ፣ ግንባር። ከአፍንጫዎ ጎን ወደ ጆሮዎ፣ በጣቶችዎ ሆድ፣ አምስት ጊዜ። ዐይን ዙሪያ በቀለበት ጣት ብቻ፤ ከአመልካች ጣት ይልቅ ደካማ ስለሆነ ጫና አያበዛም፣ የዐይን ዙሪያ ቆዳም ከፊት ቆዳ ሁሉ ስሱ ነው። ከአፍንጫ በኩል ጀምረው በዐይን ሥር አጥንት ላይ ወደ ውጭ፣ ሦስት ጊዜ። ግንባር ላይ ከመካከል ወደ ጆሮ ግንድ ይዳብሱ። በሁለቱ ቅንድቦች መካከል የተቋጠረ መስመር ካለ አንድ ጣት እዚያ አሳርፈው ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሸራትቱ፤ በዚያው ፊትዎን ፈታ ያድርጉ።

12. ይጨርሱ። ከጆሮዎ ሥር እስከ አንገትዎ ግርጌ አምስት ጊዜ ወደ ታች ዳብሰው የተረፈውን ዘይት በእርጥብ ፎጣ ይጥረጉ። ዘይት ተቀብቶ ማደር ብጉር ይጠራል። ቆዳዎ ደረቅ ከሆነ የተለመደ ቅባትዎን በስሱ ይቀቡ።

ይህ ሁሉ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በሳምንት አምስት ቀን ይሥሩት። ከጥናቱ ፕሮግራም ያነሰ ስለሆነ ከሁለት ወር በፊት ፎቶ እያነጻጸሩ ተስፋ አይቁረጡ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከሁሉ የከፋው ኃይል ማብዛት ነው። ለወለምታ ወጌሻ ዘንድ ታሽቶ የዳነ ሰው ካላመመ አይሠራም ብሎ ያምናል። ፊት ላይ ግን መጠኑ ይህ ነው፦ ታሽተው ሲጨርሱ ቆዳዎ ለጥቂት ደቂቃ ሞቅ ቢል ጥሩ ነው፤ በማግስቱ ከቀላ፣ ካሳከከ ወይም ካመመ በዝቷል። በተለይ ማድያት ያለበት ጉንጭ በፈተጉት መጠን ይጠቁራል፤ በእሽት ይለቃል ብለው ሲፈትጉት አይቼ አዝኛለሁ።

ሁለተኛው፣ ሰርግ ወይም በዓል ሲደርስ በአንድ ሳምንት ሊጨርሱት መሞከር ነው። ጡንቻ እንዲህ አይወፍርም፤ የሚያተርፉት የመንጋጋ ሕመም ነው። ከፍልውሃ ወጥተው እዚያው የሚታሹም አሉ። ሙቀቱ ቆዳውን ስላለሰለሰው መታሸቱ አይከፋም፤ ነገር ግን የለሰለሰ ቆዳ ቶሎ ስለሚቆጣ ከወትሮው ግማሽ ኃይል ይጠቀሙ።

ጠዋት፦ ይህን ካልሠሩ የማታው ከንቱ ነው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ባሉ ቁጥር ቆዳን የሚያስረጀው ጨረር ይበረታል። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን ግን አይታወቀንም፤ የክረምት ደመናም ሙሉ በሙሉ አይከለክለውም። ቆዳ እንዲለጠጥ የሚያደርገውን ክር የሚበጣጥሰው ይህ ጨረር ስለሆነ ማታ የሠሩትን ጠዋት ያፈርሰዋል።

በአመልካችና በመካከለኛ ጣትዎ ርዝመት ልክ ሁለት መስመር የፀሐይ መከላከያ ቅባት አውጥተው ከቤት ከመውጣትዎ ሩብ ሰዓት በፊት ፊትዎን፣ ጆሮዎንና አንገትዎን ይቀቡ። ከዚህ ያነሰ ሲቀቡ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ያህል አይከላከልም። ውጭ የሚውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይያዙ። ስስ ነጠላ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ሁሉ ጨረሩንም ስለሚያሳልፍ ደርበው ይከናነቡት።

ቀሪ ጥያቄዎች

*ጥቂት ቀን ብዘልስ?* ከቆሙበት ይቀጥሉ፤ ያለፈውን ለማካካስ በአንድ ማታ እጥፍ አይሥሩ።

*ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ይቻላል?* ቀላሉ የፊት እሽትና እንቅስቃሴ ይቻላል። ፊትዎና እጅዎ ድንገት ካበጡ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዐይን ብዥታ ካለ ግን ታሽቶ ማሳለፍ አይሆንም፤ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

*ወንዶችስ?* አሠራሩ አንድ ነው። ጢም የሚላጩ ከሆነ ማታ ታሽተው ጠዋት ይላጩ። በተላጨ ቆዳ ላይ ወዲያው መታሸት ያቃጥላል፤ ጸጉሩ ወደ ውስጥ እየበቀለ አንገት ላይ እባጭ ለሚያስቸግራቸው ደግሞ እባጩ እስኪጠፋ ድረስ ደረጃ 9ና 10ን ይዝለሉ።